ውርጭ ያልነካው ዋንዛ

«ገነነ፣ ከፊቴ ዘወር በል! ዛፉን ከነበቆሎው ላንሳው» አለ ወንዳወቅ፣ ካሜራውን ወደ እናቱ ጓሮ ደግኖ። ታላቅ ወንድሙ መጥረቢያውን እንደተሸከመ ፈቀቅ አለ።

ወንዳወቅ ፍኖተ ሰላም ውስጥ የሠርግ ፎቶ አንሺ ነው። ይህችን አሮጌ ካሜራ ግን ሙሽራ ፊት አያወጣትም። ከውስጧ አንዲት መስታወት አስወልቆ፣ ኢንፍራሬድ የሚሉትን ዓይን የማያየውን ብርሃን እንድታይ አድርጓታል። በእርሷ ሲነሣ ጤነኛ ቅጠል እንደ ጥጥ ነጭ ይወጣል፤ የታመመው፣ ለዓይን ገና አረንጓዴ ሳለ፣ ይጠቁራል።

ጅጋ አጠገብ ወዳለው የትውልድ ቀዬው ዛሬ ያመጣው ዋንዛው ነው። ዋንዛው ወደ እናቱ ወደ እናኑ ቤት ካዘነበለ ሰንብቷል። ገነነ «ሥሩ በስብሷል፤ አንድ ኃይለኛ ነፋስ ቤቱ ላይ ይጥለዋል» ይላል። እናኑ ሟች ባላቸው የተከሉትን ዛፍ በወሬ አላስቆርጥም ብለው ድርቅ አሉ። ኋላ ላይ «መታመሙን በዓይኔ ካሳያችሁኝ ይቆረጥ» ስላሉ ነገሩ ለካሜራዋ ተሰጠ።

የወንዳወቅ ልብ ከእናቱ ጋር ነበር። የልጅነት ደብተሮቹን የለበጠው በዚህ ዋንዛ ፍሬ ነው፤ ጣፋጩን መጥጦ በሙጫው ጋዜጣ እያጣበቀ። አባቱ «ብሉት እንጂ አትለጥፉት!» እያሉ ሲስቁ ትዝ አሉት።

ፎቶውን ከካሜራዋ ጀርባ ላይ ለእናቱ አሳያቸው። በቆሎው ነጭ፣ ባሕር ዛፉ ነጭ። ዋንዛው ብቻ ጠቁሮ ቆሟል።

«በስመ አብ! እኛ ሳናየው ሰብሉን ሁሉ ውርጭ መትቶታል?» አሉ እናኑ። ወዲያው ግን ፊታቸው በራ። «እሱን አልነካውም! እዩት፣ ብቻውን ድኗል። የአባታችሁ እጅ እኮ ነው!»

ገነነ ወንድሙን አየው። ወንዳወቅ ዝም ቢል ዋንዛው ይተርፋል። እናቱ ግን የሚተኙት ከሥሩ ነው።

«እማ፣ ውርጭ አይደለም» አለ። «በዚህች ካሜራ ደኅነኛው ነጩ ነው።»

«ጥቁሩስ?»

«ጥቁሩ እያለቀለት ነው።»

እናኑ ፎቶውን ትክ ብለው አዩት።

«አባታችሁም እንዲሁ ነበሩ። ሲያዩዋቸው ደኅና» አሉ።

ከዚያም ነጠላቸውን አጣፉ። «በገበያው ቀን ጅጋ እወጣለሁ።»

«ምን ልትሸጪ?» አለ ገነነ።

«ምንም። እስክመለስ ጨርሱ።»