የጥቁሩ ፒያኖ ቀይ ክዳን

"ክዳኑን የት አደረስከው?"

አናጢው አቤሴሎም ብርጭቆ ወረቀቱን እንደያዘ ቀና አለ። ወይዘሮ ፋናዬ ጃንጥላቸውን ሳያጥፉ ደጃፉ ላይ ቆመዋል። ለልቅሶ ሮቤ ሄደው ሦስት ቀን ቆይተው መመለሳቸው ነው።

"ይኸው እኮ፣ እትዬ። ፊትዎ ያለው ነው።"

"የኔ ፒያኖ ጥቁር ነው። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ወደ አገሩ ከሚመለስ ፈረንጅ ሲገዛው ጥቁር ነበር። አርባ ዓመት የወለወልኩት ጥቁር ነው። ይሄ ቀይ ነው።"

"ያረጀውን ቀለም ፍቄው ነው። ከሥሩ እንዲህ ያለ እንጨት ኖሯል! መልሼ ጥቁር ልቀባው እጄ እምቢ አለኝ።"

ወይዘሮ ፋናዬ ጥግ ላይ የቆመውን ያላለቀ ቁምሳጥን አዩ፤ የኮሶ እንጨት ነው፣ ቀይ። ከዚያ ክዳኑን፣ ተመልሰው ቁምሳጥኑን። እሳቸው እንዲህ ካዩ የክስ ፋይል ተከፈተ ማለት ነው።

"የፈረንጁን ክዳን ሸጠህ የሪራ ጫካ ኮሶ ገጠምክልኝ።"

ቁምሳጥኑን ያዘዘውና አጠገቡ ተቀምጦ ሥራውን ያይ የነበረው ማር ነጋዴ ባዳሳ ሳቀ። "አዴ ፋናዬ፣ ኮሶ ቢሆንማ የኔም ቁምሳጥን በዘፈነ ነበር!"

"አንተ ዝም በል! እንጨቱን ከሪራ ያመጣህለት ማን ሆነና?"

ባዳሳ ሳቁን ዋጠ።

አቤሴሎም ክዳኑ ላይ ያሉትን የማጠፊያዎቹን አሮጌ ቀዳዳዎች አሳያቸው። "መሰርሰሪያ ላለው ሰው ቀዳዳ ምን ይቸግረዋል?" አሉ። ፍቆ የጠረገውን ጥቁር ብናኝ አሳያቸው። "ጥላሸት ነው።" ነገ እሑድ ነው፤ ከቅዳሴ በኋላ አንዲት ቃል ካወጡ፣ ጎባ ውስጥ በርጩማ እንኳ የሚያሠራው አያገኝም።

"የፒያኖው ሦስተኛ እግር የት ነው ያለው?" አለ አቤሴሎም ድንገት።

ወይዘሮ ፋናዬ አቀረቀሩ። ፒያኖውን ሲያስረክቡ፣ ስላላመኑት፣ አንዱን እግር መያዣ ብለው አስቀርተውት ነበር።

"አልጋዬ ሥር።"

"እሱን እኔ አልነካሁትም። ያምጡትና በእጅዎ ይፋቁት።"

በጋቢ ጠቅልለው፣ እንደ አራስ ልጅ ታቅፈው አመጡት። ባዳሳ ሊያግዛቸው ቢነሳ በዓይናቸው መለሱት። ነጠላቸውን አደግድገው መዳፍ የምታህል ቦታ ፋቁ፤ ላብ አጠመቃቸው። ጥቁሩ ለቀቀ። ከሥሩ እንደ ክዳኑ ያለ ቀይ እንጨት ብቅ አለ።

በጣታቸው ደጋግመው ዳሰሱት።

"አርባ ዓመት ሙሉ ይሄን ደበቀኝ?" አሉ በመጨረሻ። ፒያኖውን ማለታቸው ይሁን ባለቤታቸውን፣ አልተናገሩም።

"እንግዲህ ቀይ ይሁን። እግሩንም ልተውልህ።"

ደጃፉ ላይ ደርሰው ግን ቆሙ፤ ዞረው ፒያኖውን ከላይ እስከ ታች ቃኙት። አቤሴሎም ምንም ሳይባል ጎንበስ ብሎ፣ ከፒያኖው የእግር መርገጫዎች አንዱን ፈትቶ በጋዜጣ ጠቀለለላቸው።

"ይሄ ለመሸከምም ይቀላል፣ እትዬ።"

"አላመንኩህም ማለት አይደለም" አሉና ተቀበሉት።