ፖስተኛው ከደጃፍ ተመለሰ

ዝላታ ከመጸዳጃ ቤት ስትመለስ ባሏ ቦሂሚል የፖስተኛውን ክንድ ይዞ አገኘችው። ፖስተኛው ለፊልም የተሠራ አሻንጉሊት ነው። ያንን የእንጨት አሻንጉሊት በጥቂት በጥቂቱ እያንቀሳቀሰች፣ በእያንዳንዷ እንቅስቃሴ ፎቶ እያነሣች ወደ በሩ ስታራምደው ነበር የሰነበተችው።

"ቦሂሚል! ምን እያደረግህ ነው?"

"ቀስ! ብርሃኑን እንዳትጋርጂብኝ" አላት፣ ዞር እንኳ ሳይል።

አልጋረደችበትም። በፕራግ ዳርቻ ባለው በዚያ የአሻንጉሊት ፊልም ስቱዲዮ የኖረ ሰው ቢናደድም በመብራት ፊት አይሮጥም። ነጭ ልብስም አይለብስም፤ ነጭ ጨርቅ ብርሃን ይመልስና ምስሉን ያርገበግበዋል። ቦሂሚል የመርሳት ሕመሙ የገዛ ልጁን ስም ካስረሳው ወዲህ እንኳ ጠዋት ጠዋት ጥቁር ሹራቡን ራሱ ፈልጎ ነው የሚለብሰው። ቤት ብቻውን ስለማይተው ዝላታ ይዛው ትመጣለች፤ ከኋላዋ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይውላል። ዕድሜ ልካቸውን ጎን ለጎን የሠሩበት ክፍል ነውና እዚያ ሲሆን ሰላም ያገኛል። ሌላ ቦታ ግን "ወደ ቤቴ ውሰዱኝ" እያለ ያለቅሳል።

እስከ ዛሬ ግን ምንም ነክቶ አያውቅም ነበር።

የፊልሙ ኃላፊ ሲሞና ጩኸቱን ሰምታ ገባች። ቦሂሚል የካሜራውን ቁልፍ በጣቱ እየተጫነ ያነሣቸውን ፎቶዎች ከዝላታ ፎቶዎች ጋር በስክሪኑ ላይ አብረው አዩ። ፖስተኛው ቆቡን ደፍቶ ወደ በሩ ሲሄድ ቆየና ድንገት ዞሮ ወደ ክፍሉ ተመለሰ። እሱ ባነሣቸው ሁሉ ላይ ደግሞ አፍንጫው ፊት አንድ እርሳስ ተገትሯል።

ዝላታ ሳቋ አመለጣት። "እርሳሱን ረሳኸው! አንተ ሰውዬ፣ ዛሬም?"

ስክሪን ባልነበረበት ዘመን አሻንጉሊቱ የት እንደነበረ የሚለኩት በእርሳስ ጫፍ ነበር። ጫፉን አፍንጫው ላይ ያስጠጋሉ፣ አሻንጉሊቱን ያንቀሳቅሳሉ፣ እርሳሱን ያነሣሉ፣ ከዚያ ፎቶ። ማንሣቱን የረሳ ሰው ጉዱን የሚያየው ፊልሙ ታጥቦ ሲመጣ ነው። ዛሬ ኮምፒዩተሩ ያለፈውን ምስል በአዲሱ ላይ እንደ ጥላ ደርቦ ያሳያል፤ የተበላሸውም በአንድ ጣት ይጠፋል።

"ፎቶው ይጠፋል፣ አሻንጉሊቱም ቦታው ይመለሳል" አለች ሲሞና። "የኔ ጭንቀት እሱ አይደለም። ነገ እሳቸው መብራት ቢጥሉስ? ቢቃጠሉስ? ከነገ ጀምሮ እዚህ ባይመጡ ይሻላል። እርስዎም አብረዋቸው መዋል ካለብዎ የቀረውን በኮምፒዩተር እናስጨርሰዋለን።"

"እኔ በእጄ የጀመርኩትን ኮምፒዩተር ሊጨርሰው?"

"ታዲያ ምን ላድርግ፣ ዝላታ?" አለች ሲሞና። ክፉ ሰው አይደለችም፤ ሥራውን የተማረችው ከነዚሁ ከሁለቱ ነው።

ዝላታ ወደ ባሏ ዞረች። "ለምን መለስከው?"

"ሚስቱ ብቻዋን ናታ" አለ፣ ይህም ይጠየቃል ወይ በሚል ፊት። "የት ይሄዳል?"

ቤት ውስጥ ካንድ አስታማሚ ጋር ትቼው እዚህ ፖስተኛ ሳራምድ ልውል? አለች ዝላታ በልቧ። ያነሣቸውን ፎቶዎች አንድ በአንድ አጠፋች፤ ታሪኩ ፖስተኛው ይሄዳል ነውና ይሄዳል። አሻንጉሊቱን በጥላው ልክ መልሳ አቆመችው። ከዚያ መደርደሪያው ላይ ካሉት አሮጌ አሻንጉሊቶች አንዲት ድመት አንሥታ በባሏ መዳፍ ላይ አኖረች።

"እኔ እሱን አስወጣለሁ፣ አንተ እሷን በበሩ ታስገባለህ።"

"ታሪኩ ውስጥ ድመት የለችም እኮ!" አለች ሲሞና።

"አሁን አለች። ድመት ወዲህ ሄደች ወዲያ ዞረች ብሎ የሚከስ የለም። እጁ ሥራ ካገኘ ሌላ አይነካም፤ ለመጸዳጃ ስወጣም ይዤው እወጣለሁ። አይሆንም ካልሽ ሁለታችንም እንሄዳለን፣ ፊልሙንም ማንም ይጨርሰው።"

ሲሞና ድመቷን አየች፣ ቦሂሚልን አየች። እሱ አንዷን እግር በሁለት ጣቱ ይዞ መራመጃዋን እየሞከረ ነበር።

"እስከ ዓርብ" አለች በመጨረሻ። "እስከ ዓርብ እንየው።"

ዝላታ ካሜራውን ከርቀት የምታዝበትን ማንሻ ከኪሷ አወጣች። ለማንም ሰጥታው አታውቅም። የባሏን ጣቶች ዘርግታ አስጨበጠችው።

"ፎቶውን አንተ ነህ የምታነሣው" አለችውና ፖስተኛውን ወደ በሩ ጥቂት አራምዳ፣ እጇን አንሥታ ወደ ኋላ አለች።