የያርጋል ሙሾ

ስሙ ከሰብሌ አፍ ወጥቶ ድንኳኑን ሞላው። ደረቷን ትመታ የነበረች አንዲት ሴት እጇን እንደ ዘረጋች ቀረች።

የሞቱት አቶ ሀብተ ሚካኤል ናቸው። ሰብሌ ሙሾ ያወረደችው ግን ለታናሽ ወንድማቸው ለጋሽ ያርጋል ነው። ጋሽ ያርጋል ደግሞ ፊት ለፊቷ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው በሙሉ ጤንነት ተቀምጠዋል።

በዳባት፣ አክስቷ እትዬ ዘቢደር ያላለቀሱለት ሰው በወጉ እንደ ሞተ አይቆጠርም። ዘንድሮ ግን የእትዬ ዘቢደር ድምፅ ተዘጋ። ጠዋት ከቀብር በፊት የሰብሌን ትከሻ ይዘው፣ «ዛሬ አንቺ ነሽ» አሏት። ካልሆነላት አልቃሽ ከደባርቅ ሊመጣ ነው፤ የአክስቷም ስም እዚያው ላይ ሊያበቃ ነው።

ለመሆኑ ሙሾ እንዴት ይለመዳል? ሟች በሌለበት አይለቀስ፤ ቋሚ ሰው ላይ ማልቀስ ደግሞ ሟርት ነው። ሰብሌ ልብስ ልታጥብ ወንዝ በወረደች ቁጥር፣ ሰው አለመኖሩን አይታ፣ በጎረቤታቸው በጋሽ ያርጋል ስም ስታለቅስ ኖራለች። ክፋት አስባ አይደለም። ስማቸው ከዜማው ጋር ይገጥምላታል፤ ደግነታቸውንም ታውቃለች። ዛሬ ምላሷ በለመደው መንገድ ይዟት ሄደ።

ጋሽ ያርጋል ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡ። ሰብሌ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

«ሰብሌ፣ እኔ አለሁ» አሉ።

«ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ...»

«ቆይ። ለተራበ ጎተራው ክፍት፣ ለተጣላ አስታራቂ ያልሽው እኔን ነው?»

ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። ሽማግሌው ወደ ሰዉ ዞሩ።

«ወንድሜ ይህን ቢሰማ በቅናት ይሞት ነበር።»

ማንም ለመሳቅ አልደፈረም። ከጥግ በኩል ግን እንግዳ ድምፅ ተሰማ። የሟች ሚስት ወይዘሮ በለጠች ናቸው። ባላቸው ካረፉ ጀምሮ አንዲት እንባ አልወጣቸውም ነበር፤ ዘመዱ ሁሉ ለእሳቸው ፈርቷል። አሁን በነጠላቸው አፋቸውን ይዘው ይስቃሉ። «እውነት ነው... ይቀና ነበር... ሀብቴ ይቀና ነበር...» እያሉ ሳቁ መሐል ላይ ተሰበረና ወደ ለቅሶ ዞረ። ሴቶቹ ተሯሩጠው ደገፏቸው። ያቺ ስትጠበቅ የነበረች እንባ እየወረደች ነው።

እትዬ ዘቢደር ከተቀመጡበት ተነሡ። ሰብሌ ጥፊ ጠብቃ ዓይኗን ጨፈነች። አክስቷ ግን ከወገቧ የላላውን ነጠላ ፈትተው፣ ጠበቅ አድርገው መልሰው አስታጠቋት።

«ድገሚው» አሉ በተዘጋ ድምፃቸው።

ደገመችው። መሐል ላይ አንድ ስንኝ ጠፋትና ዘላ አለፈችው፤ ሰዉ እያለቀሰ ስለነበር ልብ ያላት የለም። የሟቹን ስም ግን አልሳተችም። ስትጨርስ ከጠዋት ጀምሮ ደረቷ ላይ የተጫነው ነገር እንደ ለቀቃት ተሰማት፤ ከእነ እንባዋ ደስ አላት።

አመሻሹ ላይ ሰው ሲበተን ጋሽ ያርጋል ከድንኳኑ ደጃፍ አገኟትና ወደ ጆሮዋ ጎንበስ አሉ።

«ያን የእኔን ሙሾ እንዳትጥዪው።»

«ኧረ ጋሼ! እሱ ገና ነው፤ ብዙ መለማመድ ይቀረኛል።»

ሽማግሌው ፊታቸው በራ።

«እሰይ» አሉ። «ቀስ ብለሽ ተለማመጂ።»