ሁለተኛው መውረጃ

ባሲማ ከሪያድ የላከችው ፍላሽ በቀመር እጅ ደረሰ። ቀመር የጎረቤት ልጅ ናት፤ ሦስት ዓመት አረብ አገር ሠርታ መካነ ሰላም የገባችው በ2005 መጋቢት ላይ ነው። ሻንጣዋን እንኳ ሳትፈታ ሼህ አብዱልጀሊል ቤት መጣችና ለሽማግሌው የሱፍ ሻል፣ ለትልቋ ልጃቸው ለፈትሂያ ደግሞ በመሐረብ የተቋጠረች ፍላሽ አስረከበች።

«ምን አለበት?» አለች ፈትሂያ።

«እኔ ምን አውቄ! ‹ሁለተኛው ወጣ በያት፣ ይገባታል› ነው ያለችኝ እህትሽ።»

ፈትሂያ ገባት። ሳቁም እንባውም እኩል መጣባት።

ሁለቱ እህትማማቾች ከፍርድ ቤቱ ማዶ አንዲት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሱቅ ነበረቻቸው። ኮምፒውተሯ ከደሴ የተገዛች አሮጌ ዕቃ ናት። የቀድሞ ባለቤቷ ማን እንደነበር አላህ ይወቀው፤ ውስጧ ግን አንድ ጌም ትቶ ሄዷል። የእንግሊዝኛ ስሙ ረጅም ስለሆነባቸው «መውረጃው» አሉት። ፋኖስ የያዘ ሰውዬ ወደ ማዕድን ጉድጓድ ይወርዳል። ጉድጓዱ ዛሬ የነበረው መንገድ ነገ አይገኝበትም፤ በወረደ ቁጥር ይለዋወጣል። ሰውዬው ከሞተ ደግሞ የያዘውን ሁሉ አጥቶ ከጉድጓዱ አፍ ላይ ሀ ብሎ መጀመር ነው። የሚተርፍለት የለቀመው ድንጋይ ብቻ ነው። ሁለት መቶ ድንጋይ ሲሞላለት ደጅ የተቀመጠው አንጥረኛ ሰይፉን የጥፍር ያህል ያጠነክርለታል። ለሚቀጥለው ጥፍር አራት መቶ ይጠይቀዋል።

እንግዲህ ማመልከቻ የሚያስጽፈው ባለጉዳይ ለምሳ ሲበተን፣ ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ሱቋ ጭር ስትል፣ ሁለቱ ድንጋይ ይለቅሙ ነበር። ለቀማው ላይኛው ወለል ላይ ስለሆነ ጠላት የለበትም፤ ልብም ዓይንም አይፈልግም። አንዷ ያንኑ ቁልፍ እየመታች ትለቅማለች፣ ሌላዋ ቆሎ እየቆረጠመች ታወራለች። እናታቸው ስትሞት ለቀስተኛ ፊት ያልወጣላቸውን ለቅሶ ያለቀሱት እዚያ ነው። ባሲማ ከደጎሎ ስንዴ የሚያመላልሰውን ሾፌር እንደወደደች የተናገረችው፣ ሾፌሩ ደጎሎ ላይ ሚስት እንዳለችው ፈትሂያ የነገረቻት፣ በዚሁ ተኮራርፈው የከረሙትና የታረቁት፣ ሁሉም ድንጋይ ሲለቀም ነው።

«ይሄ ጨዋታ ነው ወይስ የቀን ሥራ?» ትል ነበር ባሲማ ጣቷን እያፍታታች።

በሁለት ዓመት የደረሱት እስከ ዘጠነኛው ወለል ነው። ከዚያ በታች ያለውን ሳያዩ ባሲማ አረብ አገር ሄደች።

መሄድ የነበረባት ፈትሂያ ነበረች። ታላቋ እሷ፣ ፓስፖርቱን አስቀድማ ያወጣችውም እሷ። አባታቸው ደረሶቻቸውን ቁርኣን የሚያቀሩባት ቤት ክረምት በመጣ ቁጥር ታፈስ ስለነበር፣ ከሁለቱ አንዷ ወጥታ ጣራውን እንድታስለውጥ ተመከረ። ጉዳዩ ሊያልቅ ሲል ባሲማ ተነሥታ፣ «ማመልከቻ አጻጻፉን የምታውቂው አንቺ ነሽ፤ ሱቋ ያላንቺ አትቆምም። እኔ ልሂድ» አለች። ፈትሂያ አይሆንም ብላ ተከራከረች። ልቧ ግን በስውር እፎይ እንዳለ ታውቀዋለች፤ ይህንንም ለማንም ተናግራ አታውቅም።

አሁን ምሳ ሰዓት እስኪደርስ ጠብቃ፣ የሱቋን በር ገርበብ አድርጋ ፍላሹን ሰካች።

እውነቱን ለመናገር ሁለተኛው መውረጃ ከመጀመሪያው ይበልጣል። ሥዕሉ ያምራል፣ ፋኖሱ ሲወዛወዝ ጥላው ግድግዳው ላይ አብሮ ይሄዳል። አንጥረኛው የለም፤ ድንጋይ የሚባል ነገርም የለም። ሞት እንኳ ባዶ እጅ አይሰድም፦ በሞትሽ ቁጥር አንድ አዲስ መሣሪያ ወይም አንድ አዲስ በር ይከፈትልሻል። አንዱ መውረድ ቢበዛ ሃያ ደቂቃ ነው። ፈትሂያ በመጀመሪያው ቀን ሰባተኛው ወለል ደረሰች፤ በአራተኛው ቀን አሥረኛውን አየች። በድሮው ይህን ለማየት ስንት ወር ለቅመው ሳያዩት ቀርተው ነበር!

አሥረኛው ላይ ስትቆም ግን ደስታው አልመጣላትም። እጇ ፋታ አጥቶ፣ ዓይኗ ከስክሪኑ ሳይነቀል፣ አንድ ሰዓት ሙሉ አንዲት ነገር ሳታስብ ማለፉ ታወቃት። በዚህኛው ላይ ወሬ አይወራም። አጠገቧ ባለችው ባዶ ወንበር ላይ ባሲማ ብትቀመጥም፣ ምን ብለው ያወራሉ? ጨዋታው ጊዜ አይሰጥም። ያ ያማረሩት ለቀማ ለካ ጊዜ ይሰጣቸው ነበር።

አምስተኛው ቀን ላይ ሳታስበው አንድ ገጽ ከፈተች። ሁለተኛው መውረጃ ለሚወርደው ሰው ስም አውጡለት ይላል፤ ሲሞትም ስሙን ከሞተበት ወለልና ቀን ጋር ግድግዳ ላይ ጽፎ ያስቀምጣል። የገጹ አናት ላይ ፈትሂያ የወረደችባቸው ጥቂት ስሞች አሉ። ከሥራቸው ግን መቶ አርባ ሦስት ሌሎች ስሞች ተደርድረዋል። በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፉ ቢሆኑም የአገር ቤት ስሞች ናቸው፦ አባዬ። ፈትሂያ። ቀመር። እማ። ከላላ ወረዳ ያሉት አክስታቸው እቴቴ። የእቴቴ በቅሎ ሳትቀር በስሟ ወርዳ ሦስተኛው ወለል ላይ ሞታለች። ፈትሂያ። ፈትሂያ። አባዬ። እማ። ፈትሂያ። አንዳንድ ቀን ስምንት፣ ዘጠኝ ሰው ሞቷል። የዒድ ዕለት አሥራ አራት። የመጨረሻው ስም ባሲማ የሚል ነበር፤ እሱም አንደኛው ወለል ላይ፣ ገና ሳይወርድ የሞተ ነው።

ባሲማ ስትደውል ሁልጊዜ «አልሐምዱሊላህ፣ ሰዎቹ ጥሩ ናቸው፣ ምንም አልጎደለኝም» ነው የምትለው።

ፈትሂያ ሱቋን ዘግታ አባቷ ዘንድ ሄደች። ሼህ አብዱልጀሊል ደረሶቻቸውን አሰናብተው ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠው ነበር። ጌም ምን እንደሆነ ለማስረዳት ጥቂት ደከመች። እሳቸው እስክትጨርስ ሰሟትና፣

«በእኔ ስም ስንት ጊዜ ወረደች አልሽ?» አሉ።

«አሥራ ሰባት ጊዜ፣ አባዬ።»

መቁጠሪያቸውን እጃቸው ላይ ጠቀለሉት። ቀና ብለው ባሲማ በላከችው ገንዘብ እኩሌታው የተለወጠውን ጣራ አዩ።

«እንዲህ አድርጎ የሚጠራ ሰው አጠገቡ ማንም የለውም» አሉ። «ኮንትራቷ ሲያልቅ ትግባ። ጣራው እንዲሁ ይቆይ። ዝናብም የአላህ ነው።»

ዓርብ ዕለት ባሲማ ደወለች። «ሁለተኛውን ወደድሽው?» አለች ገና ሰላምታው ሳያልቅ።

«ይበልጣል ወላሂ።»

«መልቀም የለበትማ!»

«የለበትም» አለች ፈትሂያ። ከዚያ ትንፋሿን ሰብስባ፣ «ባሲ፣ ስሞቹን አየኋቸው» አለች።



«ስሞቹም አብረው ኮፒ ሆኑ እንዴ?» አለች ባሲማ። «እኔ ጌሙን ብቻ የላክሁ መስሎኝ። ምን ላድርግ ፈቲ? እዚህ ቤት ስማችሁን የምጠራበት ምክንያት የለኝም። ስትሞቱ ጊዜ ሩባ ‹ይቺ ማናት?› ትለኛለች፣ ያን ጊዜ እነግራታለሁ።»

«ሩባ ማናት?»

«የቤቱ ልጅ። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። እግሯን ኦፕራሲዮን ተደርጋ ከአልጋ አትወርድም፤ ጌሙም የሷ ነው። እቴቴን ታውቃታለች፣ በቅሎዋን ታውቃታለች። አባዬ ሲሞቱ እኮ ታለቅሳለች።»

«አባዬ ግቢ ብለውሻል። ጣራው ይቅር ብለዋል።»

ባሲማ አለቀሰች። ፈትሂያም ያን ሁሉ ጊዜ በልቧ የያዘችውን፣ በእህቷ መሄድ እፎይ ማለቷን፣ ነገረቻት። «እሱንማ ያን ጊዜ ፊትሽ ላይ አይቼዋለሁ» አለች ባሲማ አፍንጫዋን እየሳበች።

በ2006 ጥቅምት ፈትሂያ ደሴ ድረስ ሄዳ ተቀበለቻት። ባሲማ ከስታለች፣ ቆዳዋ ፀሐይ አጥቶ ነጥቷል። ሳምንቱን ሙሉ ዘመድ ሲገባ ሲወጣ ሰነበተ። በስምንተኛው ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ሁለቱ ብቻቸውን ሱቋ ውስጥ ተቀመጡ፤ ፈትሂያ ሁለተኛውን መውረጃ ከፈተችላት።

ባሲማ ስትወርድ እጇ አይታይም። አምስተኛ፣ ስምንተኛ፣ አሥራ አንደኛ። እየሳቀች ነበር። አሥራ ሁለተኛው ላይ፣ ድልድዩ ጋ ስትደርስ፣ በድንገት እጇን አነሳች፤ የምትመራው ሰውም ወድቆ ሞተ።

«ሩባ እዚህ ላይ ትጮሃለች» አለች። «አንገቴን አንቃ ትጮሃለች።»

ፈትሂያ ሰባት ወር ሙሉ አንድ ነገር ልትነግራት ስትጠብቅ ኖራለች፦ ያ የድሮው፣ ያ አድካሚው ይሻል ነበር ልትላት። አሁን ግን እህቷ ከዚህኛው ላይ ዓይኗን መንቀል አቃታት። ለባሲማ ወሬው፣ ለቅሶው፣ ሳቁ፣ እዚህኛው ውስጥ ነው ያለው። ትንሽ ቅናት ወጋ አደረጋት።

«የመጀመሪያውን ልክፈትልሽ?»

«ኧረ ተይው። እሱ የኔና ያንቺ ነው፤ እኛ ደግሞ ይኸው አለን።» ባሲማ ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። «የወጣሁ ዕለት ሩባ በሯን አዘግታ አላስገባሽም አለች። ሳልስማት ነው የመጣሁት።»

«ለምን አትደውይላትም?»

«አሠሪ ለሆኑ ሰዎች ተነሥቶ ይደወላል? ምን ትፈልጊያለሽ ቢሉኝስ?»

«ልጅቷ ናፈቀችኝ በያቸው። ሌላ ምን ትያለሽ?»

ፈትሂያ የራሷን ስልክ አውጥታ እጇ ላይ አኖረችላት። ባሲማ ቁጥሩን በቃሏ ታውቀዋለች። ሁለት ጊዜ ጀምራ ተወችው፤ በሦስተኛው ጠራ። የሴት ድምፅ በዓረብኛ መለሰ። ባሲማ መጀመሪያ እየተንተባተበች፣ ከዚያ እየፈጠነች ተናገረች፣ ጠየቀች፣ አዳመጠች። ስልኩ ከተዘጋም በኋላ ከጆሮዋ አላወረደችውም።

«ምን አለችሽ?» አለች ፈትሂያ ደንግጣ። «ደህና አይደለችም?»

«የለችም አለችኝ» አለች ባሲማ። እንባዋ እየወረደ ፊቷ ሁሉ ጥርስ ሆነ። «ትምህርት ቤት ናት። በእግሯ ሄዳ።»