ከመኪናዬ ሥር የታሰረ ጣሳ

በዚያ ሳምንት ጅቡቲ ወደብ ላይ የፈንጂ ማስጠንቀቂያው ደወል ሦስት ጊዜ ጮኸብን። አንዴ ከጮኸ ቁልፉን መኪናው ላይ ትተህ፣ ከአጥሩ ወጥተህ፣ ፀሐይ ላይ መቆም ነው። የመጀመሪያው ቀን አንድ ሠራተኛ የልብስ ቦርሳውን ረስቶ ነው አሉን። ሁለተኛው ቀን ደወሉ ራሱ በሙቀቱ ተበላሽቶ ነው አሉን። ይቅርታ የሚል የለም፤ ወረፋህ ግን ይጠፋል። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በዚህ መንገድ ተመላልሻለሁ፤ ከባሕሩ ያየሁት ግን በአጥር ቀዳዳ የሚታየውን ያህል ብቻ ነው።

በሦስተኛው ቀን ሲጮህ ከቴዎድሮስ ጋር ወጥተን አጥሩ ሥር ተቀመጥን። ቴዎድሮስ የእስቴ ልጅ ነው፤ እንደኔው ሾፌር። ሲደክመው መቀለድ ይወዳል።

«ዛሬ ደግሞ የማን ቦርሳ ይሆን፣ ምንይችል?» አለኝ።

«የማንም ይሁን! ያፈንዱትና እንግባ» አልሁት።

ምነው አፌን በቆረጠው! ብዙም ሳይቆይ አማርኛ የሚችል አንድ የጥበቃ ሰው መጣና የሰሌዳ ቁጥሬን ጠራ። ፈታሾቹ በመስተዋት ከመኪናዬ ሥር ሲያዩ አንድ ነገር አግኝተዋል። ስልኩ ላይ ያነሳውን ፎቶ አሳየኝ። የዱቄት ወተት ጣሳ ነው፣ ከሥሩ ብረት፣ ከሻንሲው ጋር በሽቦ ተጠፍሯል። ክዳኑ ዙሪያውን ታሽጓል፤ ከመሀሉም ክር ብቅ ብሏል።

«ያንተ ነው?»

«አላውቀውም» አልሁ። እውነቴን ነበር።

የዚያ በር ሕግ አጭር ነው፤ ከመኪናው ሥር የደበቀው ነገር የተገኘበት ሾፌር የመግቢያ ወረቀቱን ይነጠቃል። እኔ ደግሞ ከዚያች ወረቀት ሌላ እንጀራ የለኝም።

ሰውዬው ፎቶውን ሲያጎላው ግን ቀረብ ብዬ አየሁት። ክር ያልሁት ጧፍ ነው። ማሸጊያውም ሰም ነው። ከሽቦው ሥር የተጠመጠመው ጨርቅ ከሐምራዊ ጥለት የተቀደደ ነው፤ የእናቴ የይታይሽ ነጠላ።

ሁሉም ነገር ያን ጊዜ ገባኝ። ከሁለት ሳምንት በፊት ማዳበሪያ ጭኜ አገሬ ስማዳ፣ ወገዳ ገብቼ ነበር። ሲራገፍ እኔ ጋቢና ውስጥ እንደ ሞተ ሰው ተኝቻለሁ። ስነቃ እናቴ ጎማው አጠገብ ተቀምጣለች፣ ቀሚሷ በግራሶ ተለውሷል። «ምን ሆነሽ ነው?» ብላት «ይኸ ብረትህ ቆሻሻ ነው» አለችና ተነሥታ ሄደች። ጣሳው ውስጥ ያለው እምነት ነው፣ ከደብራችን ጸበል የሚገኘው የተባረከ አፈር። ለእኔ ብትሰጠኝ ቤት ጥዬው እንደምሄድ ታውቃለች፤ አድርጌዋለሁም። ስለዚህ ለመኪናው አሰረችለት። የስድሳ ስምንት ዓመት ሴት፣ በሆዷ ተስባ! ከጸሎት የተረፈች ጧፍም ጨምራበታለች፤ ጧፏ እንደ ፈንጂ መለኮሻ ክር ትታያለች ብላ በምን ታስብ።

ለቴዎድሮስ በጆሮው ነገርሁት።

«ዝም በል!» አለኝ። «አላውቀውም ብለሃል፣ አበቃ። ሌላ ሰው ያሰረው ነው ብለው ይተውሃል። ትገባለህ፣ ትጭናለህ፣ ትሄዳለህ።»

እውነቱን ነው። ዝም ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ፤ ዝም ማለት ደግሞ ለደከመው ሰው ቀላል ነው። ዝም አልሁ።

ከዚያ ፈንጂ አምካኙን፣ እንደ ፍራሽ የወፈረ ልብስ የለበሰውን ሰው አመጡት። በዚያ ሙቀት፣ በሆዱ እየተሳበ ወደ መኪናዬ ሥር ገባ። ከአጥሩ ሆኜ አንድ ክንድ ተስቦ ሲቆም፣ ደግሞ ሲሳብ አየዋለሁ። ጓደኞቹ ርቀው ስሙን እየጠሩ ያበረታቱታል። ይኸም የሰው ልጅ ነው። የእናቴን አፈር ፈርቶ ነፍሱ ልትወጣ ነው። አልቻልሁም።

«ተው! ተው በሉት! የእናቴ ነው!» ብዬ ጮኽሁ።

ጣሳውን ሲከፍቱት አፈር ብቻ ሆነ። ያ ሰው ወፍራሙን ልብስ አውልቆ መሬት ላይ ተዘረረና ሳቀ፤ ውኃ አጠጡት። አማርኛ የሚችለው ግን አልሳቀም። «አላውቀውም ብለኸኝ ነበር» አለና ወረቀቴን ኪሱ ከተተ። የመኪናው ባለንብረት በስልክ ከእኔ ጋር ብዙም አልተጨቃጨቀም፤ በማግስቱ ሌላ ሾፌር ላከ።

አገሬ የገባሁት እንደ ማንኛውም ተሳፋሪ በአውቶቡስ ነው። እስከ ንፋስ መውጫ ድረስ ለእናቴ የምናገረውን ሳሰናዳ ነበር። ከዚያ ወዲህ ያለው መንገድ ሲያንገጫግጨኝ ቁጣዬን ይበልጥ አሳመርሁት። «እንጀራዬን ቆረጥሽው» እላታለሁ። «ማን ላከሽ?» እላታለሁ።

ሻንጣዬን አንጠልጥዬ ስደርስ ከደጅ ሽምብራ እየለቀመች ነበር።

«መኪናህስ?»

«ቀረ። ከእንግዲህ ወደብ አልገባም፣ እማ።»

ሰፌዱን አስቀምጣ በጉልበቷ ወደቀች፣ መሬቱንም ሳመች። ከዚያ እልል አለች።

«ከዚያ ከባሕር አፍ አውጥተሽ ከደጄ መልሽልኝ ብዬ ለማርያም ተስዬ ነበር! ሰማችኝ!»

«እማ፣ ያባረረኝ እኮ ያ ጣሳ ነው!»

«እሱማ ጣሳው ነው እንጂ!» አለች ዓይኗን እያበሰች። «መሪጌታ ገብረ ማርያም ሰባት ቀን የጸለዩበት ነው፣ ልጄ።»

ያሰናዳሁት ቁጣ ሁሉ የት እንደ ገባ አላውቅም። ቁጭ ብዬ ሽምብራ መልቀም ጀመርሁ።

በሃያ አንድ ማርያም እናቴ የተሳለችውን ጃንጥላ ተሸክሜ ከኋላዋ ቤተ ክርስቲያን ሄድሁ። መሪጌታ ስለቱን ለሕዝቡ ከማሰማታቸው በፊት ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ልጄ፣ ምን ተደረገልህ ልበል?»

«ከሥራ ተባረርሁ፣ አባ» አልኋቸው።

ትንሽ አሰብ አደረጉና ወደ ሕዝቡ ዞሩ። «ምንይችልን ከባሕር መከራ አውጥታ ለእናቱ የመለሰች እመቤታችን ስሟ ይመስገን!» አሉ። ሕዝቡ እልል አለ። የእናቴ እልልታ ከሁሉም በላይ ይሰማል። እኔም አጨበጨብሁ፤ ምን ላድርግ?