የከዳኝ እግር

ቀኝ እግሬ ዝሆኔ በሚሉት በሽታ አብጦ ከከዳኝ ወዲህ ቡሬ ገበያ መሄድ ተውኩ። ቅዳሴም የምሰማው ከደጀ ሰላሙ ውጭ ቆሜ ነበር፤ ቤተ ክርስቲያን ሲገቡ ጫማ ይወለቃላ! እግሬን ሰው ከሚያይብኝ ሞቴን እመርጥ ነበር። «ምነው ጌታዬ፣ የገዛ እግሬን ጠላት ታደርግብኝ?» እያልኩ አለቅሳለሁ።

የቀበሌያችን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ እንቁ ግን «እትዬ በለጠች፣ ልቅሶው ይቅርና ጠዋት ማታ በሳሙና ይጠቡት» አለችኝ። እንዳለችኝ አጥቤ፣ አድርቄ፣ ቅባት ቀብቼ እጠቀልለው ጀመር። ጠላትን ማጠብ እንዴት ያንገበግባል! ቢሆንም አንድም ቀን አላስታጎልኩም።

በኋላ እልህ ያዘኝ። በጸሎተ ሐሙስ፣ ጌታ የደቀ መዛሙርቱን እግር ማጠቡን ለማሰብ ካህናቱ የምእመናኑን እግር በሚያጥቡበት ቀን፣ ጫማዬን አውልቄ ገባሁና ከሴቶቹ መካከል ተቀመጥኩ። አጠገቤ ያለችው ሴት ልብሷን ሰብስባ ፈቀቅ አለች። ከፈለገች ቤቷ ትግባ!

የንስሐ አባቴ ቄስ ስሜነህ ውሃውንና የወይን ቅጠሉን ይዘው እኔ ጋ ደረሱ። መጠቅለያውን ፈትቼ እግሬን ዘረጋሁላቸው። ደነገጡ።

«ልጄ፣ ግራሽን ብቻ ባጥበው ይበቃል» አሉኝ ቀስ ብለው።

«አይበቃም አባ» አልኳቸው፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ። «ጌታ ይሁዳን እንኳ አጥቧል። ይህን ከዳተኛ በየቀኑ የማጥበው እኔ ነኝ፤ ዛሬ ተራው የእርስዎ ነው።»