የኋላው መቀመጫ

አምሳለች ግንደወይን ላይ ከሞተሩ ስትወርድ ወገቧ አልቃና አላት። አንድ እጇን በባሏ ትከሻ፣ ሌላውን በዳሌዋ ላይ ጥላ እንደጎበጠች ቆየች። መንገድ ዳር ሽንኩርት የሚሸጡ ሴቶች አይተው «እኔን! እኔን ይድፋኝ!» አሉ። ባሏ ወልደ ኪዳን ግን ሞተሩን እንኳ ሳያጠፋ የተቀመጠበትን አዲስ ወንበር በመዳፉ መታ መታ አደረገና፣

«የሠራውን ሰው እጁን ይባርከው! ከቢቸና እስከዚህ አልጋ ላይ ጋደም ብዬ የመጣሁ ነው የሚመስለኝ» አለ።

«እኔስ?» አለችው።

«አንቺማ ሥጋሽ ይበቃሻል! ለአንቺ ስፖንጅ መጨመር በቅቤ ላይ ዘይት ማፍሰስ ነው።»

ሴቶቹ ሳቁ። እሱም መሳቃቸውን አይቶ ደስ አለው። የቄስ ልጅ ነው፤ በልጅነቱ ቅኔ ቤት ጥቂት ቆይቶ የወጣ፣ ነገር ማዋዛት የሚወድ፣ ሰው ሲስቅለት ምሳውን የሚረሳ። አምሳለች ግን አልሳቀችም። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ የባሏን ጀርባ በቡጢ መምታት አማራት። ቢሆንም ተመልሳ ወጣች፤ ምን ታድርግ፣ ሞጣ ገና ሩቅ ነው።

እናቷ ወይዘሮ ጥሩአየሁ የሚኖሩት ሞጣ ነው። አምና ግራ ጎናቸው ከሰነፈ ወዲህ ራሳቸውን ችለው አይነሡም። አዘቦቱን ታናሽ እህቷ ስርጉት ትይዛቸዋለች፤ ቅዳሜና እሑድ የአምሳለች ተራ ነው። እሷ ቢቸና አማርኛ ታስተምራለች፣ ወልደ ኪዳን ደግሞ የመሬት ልኬታ ባለሙያ ነው። በሚኒባስ እንዳይሄዱ፣ ሰው እስኪሞላ ሲጠበቅ ግማሹ ቀን ያልቃል። ስለዚህ ቅዳሜ ጧት በሞተር ተነሥተው በደብረ ወርቅና በግንደወይን አድርገው ሞጣ ይገባሉ፤ እሑድ ከሰዓት ይመለሳሉ።

የድሮው ወንበር ክፉ ነበር፤ ክፋቱ ግን ለሁለቱም እኩል ነበር። ስፖንጁ አልቆ ከሥር ያለው ብረት ይቆረቁራል። ያልሞከሩት ነገር የለም። ጋቢ አጥፈው አነጠፉበት፤ ተንሸራቶ ጎማው ውስጥ ሊገባ ለጥቂት ተረፉ። የበግ አጎዛ አሰሩበት፤ ብርዱን እንጂ ብረቱን አልከለከለም፣ ዝናብ ሲነካው ደግሞ ሸተተ። የባጃጅ ጎማ የውስጡን ላስቲክ በትንሹ ነፍተው ተቀመጡበት፤ ኮረኮንቹ ላይ እንደ ኳስ አነጠራቸው። ሞጣ ሲደርሱ ሁለቱም እያነከሱ ይወርዱና አንዱ በሌላው አካሄድ ይስቃል። ያ ጊዜ ከነሕመሙ ደግ ነበር።

ከፋሲካ በኋላ ወልደ ኪዳን፣ ሞጣ ውስጥ ምንይሉ የሚባል፣ ሶፋና የሞተር ወንበር እንደ አዲስ የሚሠራ ሰው እንዳለ ሰማ። አንድ ቅዳሜ አምሳለች እናቷን ስታጥብ ሞተሩን ወሰደና ማታውኑ አሠርቶ መለሰው። የወንበሩ ፊተኛ ክፍል ሰፊና ጎድጎድ ያለ፣ ወገብ የሚደግፍ ጉብታ ያለው ነበር። ከጉብታው ወዲያ ያለው የእሷ ቦታ ግን ስስና ጠጣር፣ ወደ ኋላም ያዘመመ። ሞተሩ ዳገት በያዘ ቁጥር ወደ ኋላ ስለሚያንሸራትታት የባሏን ጃኬት ጨምድዳ እንደ ተንጠለጠለች ትሄዳለች።

በመጀመሪያው ጉዞ ስትነግረው «አዲስ ስለሆነ ነው፤ ሲሟሽ ይለሰልሳል» አላት። በሚቀጥለው «አያያዝሽ ነው፤ ጃኬቴን አትጎትቺ» አለ። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ቀልዱን አመጣ። እሷም መናገሯን ተወች። መንገዱን ሙሉ ፊቷ ያለው የእሱ ጀርባ ነው፤ ትከሻው እንዴት ዘና እንዳለ፣ አንገቱ እንዴት እንደ ቀለለው እያየች ትሄዳለች። አንዳንዴ ያፏጫል። ፉጨቱ ከወንበሩ ይልቅ ይቆረቁራታል።

ግንደወይን ላይ ሴቶቹ በሳቁባት ቀን ሞጣ ደርሰው ልብሷን ሳትቀይር እናቷን ለማጠብ ገባች። በብብታቸው ገብታ ከአልጋው ልታነሣቸው ስትል ወገቧ እንደ ተሰበረ እንጨት ከዳት። ወይዘሮ ጥሩአየሁ ከእጇ ሾለኩ። ስርጉት ከበሩ ዘልላ ባትይዛቸው ኖሮ ራሳቸው ከግድግዳው ጋር ይጋጭ ነበር።

«ልጄን ምን ነካብኝ?» አሉ አሮጊቷ፣ ለራሳቸው ሳይሆን ለእሷ ደንግጠው።

ስርጉት እናቷን አስተካክላ ካስተኛች በኋላ እህቷን ወደ ጓዳ ጎትታ አስገባችና ቀሚሷን ገለጠች። ከዳሌዋ በታች በሁለቱም በኩል በልዟል፤ አንደኛው ጎን ተልጦ እዥ ይዟል።

«ይሄን የሠራው ወንበር ነው ወይስ ዱላ?»

«ወንበር ነው።»

«እሱስ?»

«እሱማ ተመችቶታል።»

«የጠገበ የተራበ ያለ አይመስለውም» አለች ስርጉት ጥርሷን ነክሳ። «እማዬ ከእጅሽ ብትሞት ምን ልትይ ነበር? ወንበሩ ነው ልትይ?»

አምሳለች ነጠላዋን አንሥታ ወጣች። ቁጣዋን የምታወርድበት ሰው ፈልጋ ቀጥታ ወደ ምንይሉ ሱቅ ሄደች። ባሏ ጎረቤት ግቢ ጥላ ሥር ሆኖ ሰው ያስቃል፤ ስታልፍ አላያትም።

ሱቁ ከመስጊዱ ጀርባ ነው። ገና ጨርቅ ያልለበሱ ሶፋዎች በረንዳው ላይ ተደርድረዋል፤ ሥራ የሌላቸው ጎረምሶች እላያቸው ላይ ተዘርግተው ካርታ ይጫወታሉ። ምንይሉ ቀጭን፣ ጆሮው ላይ እርሳስ የሰካ ሰው ነው።

«ቀይዋን ሞተር፣ የቢቸናውን፣ የሠራኸው አንተ ነህ?»

«አዎ እህቴ። የጎደለው ነገር አለ?»

«ጎደለው? ከኋላ የሚቀመጥ ሰው ነፍስ የለውም ብለህ ነው እንዲያ የሠራኸው?»

ምንይሉ መቀሱን አስቀመጠ። «ከኋላ ማን ነው የሚቀመጠው ብዬ ጠይቄዋለሁ እኮ።»

«ታዲያ ምን አለህ?»

ሰውየው ወደ ጎረምሶቹ አየ፣ ወደ እሷ አየ፣ ነገሩ ሳይገባው አልቀረም። ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ሰው የለም፣ ዕቃ ነው የምጭንበት አለኝ። ለዕቃ ስፖንጅ ሲበዛ ገመዱ አይጠብቅም፤ ለዚህ ነው ያጠነከርኩት» አላት።

አምሳለች ስም፣ ግስ፣ ቅጽል ስታስተምር የኖረች ሴት ናት። ከቃል ጋር ተጣልታ አታውቅም። አሁን ግን «ሰው የለም» የሚሉት ሁለት ቃላት ፊቷን እንደ ጥፊ መቱት። በየቅዳሜው አቅፋው የምትሄደው፣ በዝናብ ጀርባው ላይ ተለጥፋ የምታሞቀው፣ ዳገት ላይ «ቀስ በል» የምትለው፣ ሰው አይደለችም። ምንይሉን እንኳ ሳትሰናበት ተመለሰች።

ወልደ ኪዳን አሁንም ጥላው ሥር ነው።

«ሞተርህን አስነሣ» አለችው፣ ሰው ፊት ቆማ።

«ወዴት?»

«ምንይሉ ጋ፤ የዕቃህን ወንበር ወዳሠራህበት።»

ከፊቱ ላይ ሳቁ ጠፋ። ተነሥቶ ወደ በሩ ወሰዳትና «ምን አለሽ እሱ?» አላት።

«አንተ ያልከውን ነው ያለኝ። ሰው የለም ብለሃል። አላልክም?»

«ስሚኝ...»

«አላልክም ወይ?»

«ብያለሁ። ግን እንዴት እንደሆነ ስሚኝ። እዚያ በረንዳ ላይ ጎረምሶች ተቀምጠዋል። ሰውየው ጮክ ብሎ 'ከኋላ ማን ነው የሚቀመጠው? የኋላው መቀመጫስ እንዴት ያለ ነው? ሰፊ ነው ጠባብ?' አለኝ። ሁሉም ሳቁ። መቀመጫ ሲባል ለአንዱ ወንበር ነው፣ ለሌላው ሌላ ነው። እነዚያ መሃል ቆሜ ያንቺን መቀመጫ ልግለጽ? አፈርኩ። ዕቃ ነው ብዬ ተገላገልኩ።»

አምሳለች ከንፈሯን ነከሰች። ሌላ ቀን ቢሆን ሆዷን ይዛ በሳቀች። ዛሬ ግን ቁጣዋ አልፈቀደላትም።

«አንተ ታፍራለህ? ግንደወይን ላይ ለማያውቁን ሴቶች ስለ ሥጋዬ ስታወራ እፍረትህን የት አስቀምጠኸው ነበር?»

የሞተሩን ቁልፍ ከኪሱ አወጣ።

«እሺ፣ ያን ቀን አፈርክ። በማግሥቱ ብቻህን ሄደህ 'ተሳስቻለሁ፣ ባለቤቴ ናት' ማለት ያቅታል? በየሳምንቱ ተላጥኩ፣ በለዝኩ ስልህ አልሰማህም? ዛሬ እናቴን ልጥላት ነበር፣ ወልደ ኪዳን! ከእጄ ወደቀች!»

እሱ ወደ ቤቱ ዞሮ አየ፣ ከዚያ ወደ እግሩ።

«ረሳሁት» አለ። «እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔን ስለተመቸኝ ረሳሁት።»

ውሸት ቢጨምርላት ይሻላት ነበር። ይሄኛው እውነት ስለሆነ ይብስ አቃጠላት።

ሱቁ ሲደርሱ ጎረምሶቹ ካርታቸውን አቆሙ። ምንይሉ ብቅ አለ። አምሳለች ከሞተሩ ወርዳ ጎን ቆመችና ባሏን «ንገረው» አለችው።

«እዚያ ውስጥ ገብተን ብንነጋገር...»

«እዚሁ ንገረው። ያኔም እዚሁ ነው የነገርከው።»

ነገር ሲያጣፍጥ የሚኖረው ሰው አንዲት ቀጥተኛ ዓረፍተ ነገር ከአፉ አልወጣ አለችው። በመጨረሻ፣ «ምንይሉ፣ ከኋላ የምትቀመጠው ባለቤቴ ናት። ያን ጊዜ ዋሽቼሃለሁ» አለ።

ከጎረምሶቹ አንዱ ሳል መጣበት። የሳቀ ግን አልነበረም። አምሳለች ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች፣ ሞተሩ ላይ ወጣችና ለምንይሉ በእጇ እያሳየች፣ «ብረቱ የሚወጋኝ እዚህ ጋ ነው። እዚህ ጋ ደግሞ ያንሸራትተኛል። ሰፊ ነው ጠባብ የሚለውን አሁን ራስህ ለካው» አለችው። ምንይሉ ዐይኑን ከሜትሩ ላይ ሳያነሣ ለካ።

«እህቴ፣ ይሄ ጉብታ እያለ ቦታ አይበቃም» አለ ሲጨርስ። «ለአንቺ እንዲሆን ከፊተኛው መቁረጥ አለብኝ። መደገፊያውም ይጠፋል።» ይህን ብሎ ወደ ወልደ ኪዳን አየ።

«ወደ እሱ ምን ታያለህ? ቁረጠው» አለች አምሳለች።

ወልደ ኪዳን በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። ቢላዋው ስፖንጁ ውስጥ ሲገባ ግን ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ።

እሑድ ከሰዓት ወደ ቢቸና ተመለሱ። አዲሱ ወንበር አልጋ አይደለም፤ ወንበር ነው። ብረቱ አይወጋም፣ ዳገት ላይ አያንሸራትትም። የተላጠው ጎኗ ቢያማትም መቀመጥ ቻለች። ወልደ ኪዳን አላፏጨም። ግንደወይንን ሲያልፉ ነፋሱ መሃል ጮኾ «ተመቸሽ?» አላት። አልመለሰችለትም። ደብረ ወርቅ ሲደርሱ ሻይ ሊጠጡ ቆሙና ደግሞ ጠየቃት።

«ወንበሩ ተመችቶኛል። አንተ ግን አልተመቸኸኝም» አለችው።

ሳምንቱን ሙሉ ከ«ምሳህ ቀርቧል»ና ከ«በሩን ዝጋ» ያለፈ ቃል አልተለዋወጡም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ወልደ ኪዳን ሞተሩን ወልውሎ፣ የእሷን ቦታ በጨርቅ አብሶ ሲጠብቅ፣ አምሳለች ቦርሳዋን አንጠልጥላ በጎኑ አልፋ ወደ መናኸሪያ ወረደች። ሚኒባሱ እስኪሞላ ረጅም ጊዜ ጠበቀች። መንገድ ላይ በመስኮት ስታይ፣ ወልደ ኪዳን ከኋላቸው በሞተር ይከተላል፤ ከጀርባው ያማረ፣ ሰፊ፣ ባዶ መቀመጫ አለ። ሚኒባሱ ሰው ለማውረድ ሲቆም እሱም ይቆማል። አያልፋቸውም፣ አይቀርባትም። አንድ ጊዜ ዐይን ለዐይን ተያዩና ፊቷን መለሰች።

ሞጣ እናቷ ቤት የደረሰችው ቀኑ ተጋምሶ ነው። ስርጉት የመሄጃ ሰዓቷ አልፎባት በሩ ላይ ቆማለች፤ ወይዘሮ ጥሩአየሁ ሳይታጠቡ፣ ሳይቀየርላቸው አርፍደዋል። «መጣሽ ልጄ?» ከማለት በቀር ምንም አላሉም። አምሳለች ውሃውን እያሞቀች በራሷ ተናደደች፣ በሚኒባሱ ተናደደች፣ ከሁሉም በላይ አሁንም በእሱ ተናደደች።

በሳምንቱ ሞተሩ ላይ ወጣች። ይቅር ብላው አይደለም። እናቷ ስለሚጠብቋት ነው፤ እሱም ይህን ያውቃል። ከቢቸና እስኪወጡ በእጇ አልነካውም፤ የኋላውን ብረት ይዛ ሄደች። እሱም ጉድጓዱን ሁሉ በቀስታ እየዞረ፣ ሳያፏጭ ነዳ።